ያልበላው ኢንስፔክተር

የቁሌቱ ሽታ ልብሳችን ላይ እየቀረ ሲያስቸግረን፣ ጋራዡ ውስጥ ሁለተኛ ምድጃ እንትከል አለች ባለቤቴ። ለጋዙ መስመር ፐርሚት ማውጣት እንደሚወራው ከባድ አልነበረም፤ ቅጹን ኮምፒውተር ላይ ሞላሁ፣ ፈቃዱ መጣ። ከባዱስ የባለቤቴ ወንድም ነው። ኬንት ከተማ ሆኖ ትራክ ይነዳል፤ እሱን ከሰማችሁት ግን በዚህ ዓለም የማያውቀው ሙያ የለም። «ፐርሚት ሥራ ለማይችል ሰው ነው» እያለ ቧንቧውን በአንድ ቅዳሜ ዘረጋው። ሲያጠብቀው እንኳ ስልክ ያወራ ነበር።

መስመሩን የሚፈትሸው ኢንስፔክተር በሚመጣበት ቀን ጠዋት ይኸው የባለቤቴ ወንድም ኮል አደረገልኝ።

«ሶ፣ ምን አዘጋጃችሁለት?»

«ወረቀቱን» አልኩት።

«ወረቀት ይበላል እንዴ? በልቶ የሚጨክን ሰው የለም!»

እኔም፣ ስንት ዓመት ሲያትል የኖርኩት ጅል፣ ሌክ ሲቲ ድረስ ነድቼ የጥብስ ሥጋ ገዛሁ። እሱ ደግሞ ሥራውን ሊያስመርቅ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

ኢንስፔክተሩ ጥብሱን አይቶ አመሰገነና በቀጥታ ወደ ጋራዡ ገባ። ቧንቧው አየር ተሞልቶ የግፊት መለኪያ ተገጥሞለታል። መርፌው ባለበት መቆም ነበረበት፤ ዓይናችን እያየ ቁልቁል ወረደ። ሰውየው ቧንቧው እንደሚያፈስ ነግሮን ሳይፈርም ሄደ።

ያ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ጥብሱን ብቻውን ጨረሰው።

«አላልኩህም?» አለኝ አፉን እየጠረገ። «ስላልበላ እኮ ነው።»