አቧራ ያልነካት ብስክሌት

ብስክሌት መንዳት የተማርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ፣ በሰው ብስክሌት፣ ባለቤቷ ሳታውቅ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ከዚህ በታች የማወራው ደስታ ሁሉ የተጀመረው ከዚህ ጥፋት ነው።

ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ባሕሩ ዳር ካሉት የድሮ ቤቶች በአንዱ አዳሪ ሠራተኛ ነኝ። አሠሪዬ ፈረንሳዊት መምህርት ናት፤ ማዳም እላታለሁ። የቀጠረችኝ ቀን አንድ ሕግ ብቻ ነገረችኝ፦ ሳትጠይቂ ዕቃዬን አትንኪ። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ የማዳምን ጫማ ተጫምታ ገበያ ወጥታ፣ ስትመለስ ሻንጣዋ በር ላይ ጠብቋታል። ይህን ያጫወቱኝ ዘበኛው ናቸው። ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛ ከኔ ይልቅ በእሳቸው አፍ ያምራል። እኔ አዴር እላቸዋለሁ፣ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው፤ እሳቸው አባዮ ይሉኛል፣ እህቴ ሲሉ።

ብስክሌቷ አረንጓዴ ናት። ማዳም ከአገሯ በመርከብ አስመጥታ የነዳቻት አንድ ቀን ብቻ ነው። አደባባዩ ጋ ስትደርስ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ለቀቀባት፤ እየገፋች ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቷ ጋራዡ ውስጥ፣ ከአሮጌው ማቀዝቀዣና ከተበላሸው የጀልባ ሞተር አጠገብ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀረች።

ጓደኛዬ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ፀጉር ትሠራለች። የባሕር ዳር ከተማ ልጅ ናት፤ እዚያ ሴት ልጅ በብስክሌት ገበያ ብትሄድ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ብስክሌት የሚገፋ እንጂ የሚነዳ ነገር አይመስለኝም ነበር። አንድ አርብ ልትጠይቀኝ መጥታ ጋራዡን ስታይ፣ ሰላምታችንን እንኳ ሳንጨርስ፣

«ይቺን እዚህ ማን ቀበራት?» አለች።

«የማዳም ናት። አትንኪያት።»

«ጎማዋ ሞቷል» አለችና ነካቻት። አዴር ከየት እንዳመጡት እንጃ፣ መንፊያ ይዘው መጡ። ሁለቱ ጎማውን ሲነፉ እኔ በሩ ላይ ቆሜ መንገድ እጠብቃለሁ። ሌባም እንደዚህ አይፈራም።

መጠየቅ ነበረብኝ። ብዙ ጊዜ ልጠይቅ ሳሎኑ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። አፈርኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ምግብ የምታበስል፣ ወለል የምትወለውል ሴት «ማዳም፣ ብስክሌትዎን ያውሱኝ» ስትል አስቡት። ደግሞም እንቢ ብትለኝ ያን ጊዜ ብስክሌቷን ሁለተኛ አልነካትም። ዝም ካልኩ ግን አርብ አለልኝ።

አርብ እዚህ የዕረፍት ቀን ነው። ማዳምና ባሏ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ማለዳ በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ይሄዳሉ፤ እዚያ አድረው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይመለሳሉ። ጀልባዋ ከወደቡ ስትርቅ እኔ ብስክሌቷን አወርዳለሁ። መጀመሪያ እዚያው ሄሮን፣ ባሕሩን እያየን ነው የተማርኩት። ጓደኛዬ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ትሮጣለች፤ እኔ «እንዳትለቂኝ» እያልኩ እጮሃለሁ። ሁለቴ ወደቅሁ፣ አንዴ ዓሣ አጥማጅ ላይ ወጣሁ። በሦስተኛው አርብ «እንዳትለቂኝ» ስላት መልስ አጣሁ። ዞር ብል እሷ ሩቅ ቆማ ወገቧን ይዛ ትስቃለች። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በፊት የማውቀው አይመስለኝም። ክብ እየዞርኩ ስቄ ስቄ መቆም አቃተኝ፤ ፍሬን መያዝ ገና አላስተማረችኝም ነበር።

ቀስ በቀስ የከተማዋን ሰዓት በብስክሌት ዓይን አወቅሁት። ለምሳሌ ቀትር ላይ የዕለቱ ጫት ካገራችን ከመግባቱ በፊት መንገድ አይወጣም። ያን ጊዜ መኪናው ሁሉ አብዷል፤ ካርቲየ 5 አካባቢ ታክሲው በእግረኛ መንገድ ላይ ሳይቀር ይሄዳል። ጫቱ ገብቶ ሁሉም የየድርሻውን ይዞ ከተቀመጠ በኋላ ግን አስፋልቱ ለእኛ ነው። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እኔ በማዳም፣ እሷ በራሷ ብስክሌት ከዳር እስከ ዳር እየነዳን፣ ጓደኛዬ ስለ ደንበኞቿ ፀጉርና ጠባይ ታወራልኛለች። ይህ ባገራችን የክረምት ወራት አይሞከርም፤ እዚህ ያን ጊዜ ሙቀቱ ያቀልጣል። ከጥቅምት በኋላ ግን ጅቡቲ ለብስክሌት የተሠራች ከተማ ናት ብል የሚያምነኝ ባይኖርም እላለሁ።

ከዚያ ውጪ ማደር ጀመርን። መጀመሪያ ኮር አምባዶ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የባሕር ዳርቻ። ድንኳን የለንም። ሁለቱን ብስክሌቶች ፊት ለፊት አቁመን የአልጋ አጎበር እናስርባቸዋለን፤ በመካከል የስፖንጅ ፍራሽ እንዘረጋለን። ጄሪካን ውኃ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የምስር ወጥ በክዳን ዕቃ። እሷ ሰርዲን ይዛ ትመጣለች። እኔ አርብ ዓሣ አልበላም፤ እሷ ዓሣ የጾም ምግብ ነው ትላለች። በዚህ ያልተጣላንበት ጉዞ የለም። ጠዋት ፍየሎች አጎበሩን ሲስቡት እንነቃና ልብሳችንን እንደለበስን ባሕር ውስጥ እንገባለን።

ከባሕር በተመለስን ቁጥር ጓደኛዬ አንድ ነገር አጥብቃ ታሳስበኛለች፦ ጨዉ ሰንሰለቱን ይበላዋልና በንጹሕ ውኃ እጠቢያት። እኔ ደግሞ ማጠብ ከጀመርኩ የት እንደማቆም አላውቅም። በጥርስ ብሩሽ በጎማው ሽቦዎች መካከል እየገባሁ፣ ፔዳሉን በሳሙና እየፈተግሁ፣ ኮርቻውን በጨርቅ እየወለወልኩ፣ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሳላስቀር መልሼ እሰቅላታለሁ። ጥፋቴን እያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

አርታ የሚባለው ባሕር ዳርቻ የሄድነው ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ሩቅ ነው። ከተማውን ወጥቶ፣ ወደ አገር ቤት የሚሄዱትን የጭነት መኪናዎች ተጠግቶ ዳገት መውጣት፣ ከዚያ ጠጠር ለጠጠር ወደ ባሕሩ መውረድ አለበት። ዳገቱ ላይ አንድ ያገራችን ሾፌር አጠገቤ ቀስ ብሎ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ ልጫንሽ?»

«ተወኝ፣ ደርሻለሁ» አልኩት። ምንም አልደረስኩም። ምላሴ ደርቆ ላንቃዬ ላይ ተጣብቋል። ግን ለማንም የማልሰጠው ዳገት ነበር። አናቱ ላይ ወጥቼ ባሕሩን ከታች ሳየው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ብስክሌቷን እቅፍ አድርጌ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ «ጎበዝ» አልኳት። ለራሴ ማለት ስላፈርኩ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሄሮን ስንገባ አዴር ከግቢው ውጪ ቆመዋል። እሳቸው ከወንበራቸው የሚነሱ ሰው አይደሉም።

«አባዮ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ንፋስ ነው። ጀልባዋ ቀድማ መጣች።»

ጓደኛዬን «ሂጂ፣ አንቺን አላየችሽም» አልኳት። አልሄደችም። ሁለታችንም ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ገባን። ማዳም ጋራዡ ውስጥ፣ ባዶው መስቀያ ሥር ቆማለች። እኔ ፊቴ ተቃጥሏል፤ ከኋላዬ ፍራሽ ታስሯል፤ መሪው ላይ ማንቆርቆሪያ ተንጠልጥሏል። ምን ብዬ ልዋሽ? ሻንጣዬን በልቤ መሸከፍ ጀመርኩ። ከሥራው ይልቅ ያሳዘነኝ ብስክሌቷ ነበረች፤ አላፍርም፣ እውነት ነው።

«የት ነበራችሁ?» አለች በዚያ ለእኔ ስትል በምታዘገየው ፈረንሳይኛ።

«አርታ።»

«በዚህች?»

«በዚህች።»

በጣቷ የማቀዝቀዣውን ክዳን ጠረገችና አሳየችኝ። አቧራ። የጀልባውን ሞተር ጠረገች፤ አቧራ። በመጨረሻ ጭቃና ጨው የጠጣውን የብስክሌቷን ብረት ነካች።

«አቧራ ሲነካት ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለች። «በዚህ ጋራዥ ሳምንት የተቀመጠ ነገር ይቀበራል። እሷ ብቻ ሁልጊዜ ታበራለች። ባለፈው ዓመት ልሸጣት ወርጄ ነበር። ሳያት አንድ ሰው የሚወዳት መሆኑ ገባኝና ተውኳት።»

ሁለት ዓመት! በገዛ እጄ፣ በሳሙናና በብሩሽ ራሴን ሳጋልጥ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ስህተት ከቤት ሠራተኛ በቀር ማን ይሠራል?

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳት።

«እስክትጠይቂኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«እኔ ደግሞ እስኪያባርሩኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

ሳቀች። እኔ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ ሁለቱንም አደረግሁ። «መጠየቅ ነበረብኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቤት ልትገባ ስትል በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር። ከዛሬ ጀምሮ እሷን አትጠቢያት። እዚህ ቤት የምታጥቢው የኔን ዕቃ ነው።»

ገባች። እኔ «ተቆጥታለች እንዴ?» ብዬ ጓደኛዬን አየኋት። እሷ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ዛሬም አለ።

«አንቺ ድንጋይ» አለችኝ፣ «ሰጠችሽ እኮ።»

አዴር ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ጓደኛዬ ስትሄድ ፍራሹን ፈታሁ፣ ማንቆርቆሪያውን አወረድኩ፣ ከዚያ ሳላስበው ባልዲ ሞልቼ ሳሙና በጠበጥኩ። ብሩሹን ይዤ ቁጢጥ ካልኩ በኋላ ነው ያስታወስኩት። የአርታ ጭቃ ጎማዋ ላይ ደርቋል፤ አሸዋው በየሽቦው ሥር ተሰግስጓል። እጄ በላኝ። ሰንሰለቱን ብቻ ጠርጌ ዘይት ቀባሁት፤ ጨዉ ይበላዋል። የቀረውን የሳሙና ውኃ ወለሉ ላይ ደፋሁና ብስክሌቴን ከነአቧራዋ ሰቀልኳት።