ሁለት ጣት የጎደለው ዊንዶው

ልጄ አበባ የኮምፒውተሩን ዊንዶው ይዛ ወደ ግራ ስትገፋው፣ ሁልጊዜ ከዳር ደርሶ ልጥፍ ይል የነበረው፣ ሁለት ጣት ሲቀረው ቆመ። የመጣብኝን ያን ጊዜ አወቅሁ። እስከ ዛሬ ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለንስሐ አባቴ እንኳ፣ ስንት ዐቢይ ጾም አልፎ፣ አንድም ቀን አላነሣሁላቸው። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው። ፍረዱኝ።

አበባ ላሊበላ ላይ ኮምፒውተር ቤት አላት። ጠዋት ጠዋት የምከፍትላት እኔ ነኝ፤ እጠርጋለሁ፣ አቧራውን እወለውላለሁ። ትምህርቴ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቀረ ነው፣ ኮምፒውተሩን እንዳልነካም ልጄ አስጠንቅቃኛለች። የምትተይብላት ደብሬ የምትባል የብልባላ ገጠር ልጅ ነበረች። ያን ሰሞን ከሙጃ በኩል አንድ መሪጌታ የደብራቸውን ብራና ይዘው መጥተው፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ደብሬ ትገለብጠዋለች። ፎቶውን በግራ፣ የምትጽፍበትን በቀኝ ታደርጋለች። ዊንዶው የሚሉት ያ ነገር ወደ ዳር ገፋ ሲያደርጉት ራሱ ተዘርግቶ የስክሪኑን ግማሽ ጥንቅቅ አድርጎ ይሞላል። እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! መሪጌታ አጠገቧ ተቀምጠው ያንን ከዚህ ያስተያያሉ።

ከገጾቹ በአንዱ እመቤታችን ተሥላለች። እንዲህ ያለ ብራና እኔ መቼ ቀርቤ አይቼ አውቃለሁ? ካህናቱ ሸፍነው ሲያወጡት ከሰው ጀርባ ሆኜ ከሩቅ እጅ መንሣት ነው እንጂ። ያን ዕለት ደብሬ መሪጌታን ልትቀበል ወጣ አለች፣ ሥዕሉ ተከፍቶ ቀረ። ብቻዬን ከእመቤቴ ጋራ! ልቤ ልትወጣ ደረሰች። ፊቷ ግን ጨለም አለብኝ። ከስክሪኑ ሥር ብርሃን የሚጨምር ቁልፍ እንዳለ ደብሬ አሳይታኝ ነበርና ዳበስሁ፣ ተጫንሁ። አልበራም። ሌላውን ተጫንሁ፣ ደገምሁት። አላስቻለኝም፣ ጎንበስ ብዬ ተሳለምኋት፤ ግንባሬን አስነካሁ፣ ከንፈሬን አስነካሁ። ቀና ስል ሥዕሉ ከግራም ከቀኝም ተሰብስቦ በሁለቱ ዳር ጥቁር ቆሟል። እመቤታችን ከስታለች። ቁርስ ቀምሼ አፌን ሽሬ ነበርና ተቆጣችኝ አልሁ፤ እኔን ሸሽታ ነው የተሰበሰበች አልሁ። መጥረጊያዬን አንሥቼ የጠረግሁትን ወለል እንደ ገና መጥረግ ጀመርሁ።

መሪጌታ ከአበባና ከደብሬ ጋራ ገብተው መነጽራቸውን አደረጉና ብዙ ጊዜ አዩት።

“ልጄ፣ ፊደሎቹ ጾም ያዙ እንዴ? ከስተውብኛል” አሏት ለአበባ።

ደብሬ ሳቀች። አበባ አልሳቀችም። መሪጌታ በማግስቱ ከነብራናቸው ተመላሽ ናቸው፣ ሥራው አላለቀም። ዊንዶውን ወደ ግራ ገፋችው፣ ቆመባት። ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ቆመባት። አጠፋችው፣ አበራችው፤ ያው ነው። ከዚያ ወደ ደብሬ ዞረች።

“ካንቺ ሌላ ይህን የሚነካ የለም። ዛሬ ካላለቀ ብልባላሽ ትገቢያለሽ።”

ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። እኔ ነኝ ማለት ምን ያህል ነገር ነው? ልጄ ከኮምፒውተር ቤቷ እንዳታስወጣኝ ፈራሁ። አፏን ሽራ ተሳለመች ብለው መሪጌታ እንዳይገሥጹኝ ፈራሁ። ይህ ግን ምክንያት ይሆናል? አይሆንም። እኔ ነካሁት፣ እኔ ዝም አልሁ።

ደብሬ ወደ ስክሪኑ ቀረበች። መስተዋቱ ላይ የግንባሬ ቅቤ ታትሞ ነበር። አየችው። ዞር ብላ እኔን አየች። አበባ ሳታይ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችውና እጇን ከሥር ሰድዳ ምስሉን የሚያጠብና የሚያሰፋውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገችው። ወዲያው ጥቁሩ ጠፋ! ወደ ግራ ገፋችው፣ እስከ ዳር ሞላ። ወደ ቀኝ ገፋችው፣ ግጥም አለ። ፊደሎቹ ወዛቸው ተመለሰ፣ መሪጌታ ተመስገን አሉ። እልል ልል አፌ ደርሶ ነበር። አልተቆጣችኝም፣ ቁልፍ ነው፣ ቁልፍ ብቻ ነው እያልሁ መዝለል አማረኝ።

“እኔ ነኝ እትዬ” አለች ደብሬ። “ሳጸዳ ነክቼው ይሆናል።”

እልልታዬን ተውሁት። ያኔም እኔ ነኝ አላልሁም። መሪጌታ ለእኔ ስትይ ተያት ብለው ለመኑላት፣ አበባም አክብራቸው ለጊዜው ተወቻት። በማግስቱ ሥራው አልቆ እሳቸው ሲሄዱ ግን፣ “ትናንት ጧቱን ሙሉ በላብ አጥምቃኝ መጨረሻ ላይ ነው የተናገረች፣ እንዲህ ያለች ልጅ አላምንም” ብላ ደብሬን አሰናበተቻት። እኔ እዚያው ነበርሁ፤ መጥረጊያዬን እንደያዝሁ።

ደብሬ ልትሰናበተኝ ጉንጬን ሳመችኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“እማማ፣ ብርሃኑን ሲፈልጉ በቀኝ በኩል ያለውን ነው የሚጫኑት።”

ይህንን ብቻ አለችኝ። ከገበያ ከሚመለሱ ባለ አህዮች ጋራ የብልባላን መንገድ ይዛ ወረደች። አልጠራኋትም። እናንተን ይቅር በሉኝ ብል ምን ያደርግልኛል? ይቅር ማለት የሚገባት እሷ ናት፣ እሷን ደግሞ ሄጄ አልጠየቅሁም፤ እግር አጥቼ አይደለም።

በሩን ዘግቼ ገባሁ። ልጄ አልጠረጠረችኝም፣ እስከ ዛሬም አትጠረጥረኝም። ቤቱን አሁንም የምከፍተው እኔ ነኝ። ምንም አልደረሰብኝም፤ እኔ ዳንሁ።