አንድ ቃጠሎ፣ ስድስት ሪፖርት

ናይሮቢ ውስጥ ልጁን ደጋግሞ የሚጎዳ አባት ነው ተብዬ ተመዘገብኩ። ውሸት ነው። ልጄ የተቃጠለችው አንድ ጊዜ ነው። ለዚያ አንድ ጊዜ ከእጄ ወሰዷት፤ መመለሻዋ ሲደርስ ደግሞ ከለከሉኝ። ያኔ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፤ ስለ እኔ የተጻፈውን የማውቀው ሰው ባነበበልኝ ልክ ነው። አሁን ራሴ እጽፋለሁ፤ ማንም አያለዝብልኝ።

ኢስትሊ ውስጥ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ እሠራ ነበር። እናቷ ስለሞተች ትምህርት በሌለ ቀን ልጄን ይዣት ነው የምገባው። ስድስት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ የሽንኩርት ጆንያ ልቀበል ወደ በሩ ወጣ ስል፣ የፈላ ውሃ ያለበትን ድስት ጎትታ ክንዷ ላይ ደፋችው። ጩኸቷን ሰምቼ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ታቅፌያት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ላይ ዘለልኩ፤ ሾፌሩም አንድ ቦታ ሳይቆም ሆስፒታል በር ላይ አወረደን።

ሆስፒታሉ ለሕፃናት ጉዳይ ቢሮ አሳወቀ። ማሳወቅ ሥራቸው ነው፤ በዚህ አልከፋም። ቢሮው ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ላቪንግተን አካባቢ ያለ የልጆች ማቆያ አስገባት።

«ለጥቂት ሳምንት ነው፣ ባባ» አለኝ ጉዳዩን የያዘው ኬንያዊ ሠራተኛ። በስዋሂሊ አባት ማለቱ ነው። እንደዚያ ብሎ ሲጠራኝ አመንኩት።

ከዚያ የእኛ ሰዎች ሊረዱኝ ተነሡ። አከራዬ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ የዕድሩን ሰዎች ቤታቸው ሰበሰቡ። አንዱ ሁላችንም አብረን እንሂድና እንለምን ሲል እትዬ አላስጨረሱትም።

«አብደሃል? ስደተኛ ሁሉ ተግተልትሎ ቢሮ በር ላይ ቢቆም የሚጠሩልህ ፖሊስ ነው። የአንተስ ወረቀት ታድሷል? ባይሆን አንድ አንድ እያልን፣ በየተራ፣ በየቀኑ እንሂድ። የአንዱን ባይሰሙ የሌላውን ይሰማሉ።»

ማንም አልተቃወመም፤ እኔም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ አንዴ ሄዶ አይቀርም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ሰው የለም፤ ደጅ ሲጠና፣ ሰው ሲመላለስ ነው ልብ የሚራራው። ስለዚህ አምስት ሰዎች በአምስት ቀን ሄዱ። እትዬ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«አንተ፣ ጻፈችው እኮ! እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ፣ ዓይኔ እያየ፣ ያልኩትን ሁሉ ጻፈች።»

እውነት ነው፣ ጽፋለች። ለመጣው ሁሉ ስለ ልጅ ጉዳይ ነው ወይ፣ ልጅቷ ምን ሆነች ብላ ትጠይቃለች። የእኛም ሰው በገበያ ስዋሂሊው ተቃጠለች ይላል። አዲስ ሪፖርት ይከፈታል። አባቷ ደግ ሰው ነው፣ ማሩት የሚለው ልመና ግን መጻፊያ ቦታ አልነበረውም።

ያለኝ ሳምንታት ሲሞሉ ልጄን ልውሰድ ሄድኩ። ያ ባባ ያለኝ ሰውዬ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው፣ ማንበብ እንደሚችል ሰው።

«ስድስት ሪፖርት። የሆስፒታሉ አንድ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ አምስት። ተደጋጋሚ ነው።»

«ምን ደገምኩ?»

«ሪፖርት የተደጋገመበት ቤት ልጅ አይመለስም። መመሪያው ነው።»

ለእትዬ ስነግራቸው ነጠላቸውን ከትከሻቸው ጣሉት። «እኔ? እኔ ነኝ የከሰስኩህ? እግሬ እስኪያብጥ ለአንተ ቆሜ?»

«አዎ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት። እርስዎና ዕድሩ።»

ክፉ አነጋገር ነበር፤ ግን እውነት ነበር። ለሁለት ቀን ሰላም አላሉኝም።

እሑድ እሑድ ልጄን ማየት ተፈቅዶልኝ ነበር። ክንዷ እየዳነ፣ አማርኛዋ በስዋሂሊ እየተሞላ መጣ። አንድ እሑድ ጭኔ ላይ ተቀምጣ፣ «አባዬ፣ እዚህ የሚቀሩት አባታቸው የደገማቸው ናቸው ይላሉ። አንተ ደግሞ ምን አደረግከኝ?» አለችኝ። እሷ የማታስታውሰው ሌላ ነገር እንዳለ ነበር የመሰላት። ወረቀቱ ልጄ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በዚህ መሃል ነው ከጊጊሪ፣ ከውጭ ድርጅቶቹ ሰፈር፣ አንዲት ኬንያዊት ወደ ቢሮው የመጣችው። ሥራዋ መቁጠር ነው። አንዴ ሪፖርት የተደረገለት ልጅ እንደገና ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ይህን ካላወቃችሁ ልጆቹን ማዳናችሁን በምን ታውቃላችሁ? ብላ ነው የመጣችው። ከተደጋገመባቸው ልጆች አናት ላይ የእኔ ልጅ ተገኘች። እኔንና እትዬን አስጠራችን። ልትሰድበን ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ሄድኩ።

አልሰደበችንም። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ካርድ ደረደረች፤ ለእያንዳንዱ ሪፖርት አንድ።

«እርስዎ የመጡት ልጅቷ ላይ አዲስ ጉዳት አይተው ነው?» አለቻቸው እትዬን።

«አዲስ ጉዳት ምን አለ ልጄ? ልለምን ነው እንጂ!»

«የተቃጠለችው መቼ ነው?»

«ያን ቅዳሜ ነዋ። ስንት ቅዳሜ አለ?»

የቀሩትን አራት ሰዎች ቀድማ ጠይቃ ነበር። ካርዶቹን አንድ በአንድ አነሣች። ሪፖርቱ በተነገረበት ቀን ሲደረደሩ ጠረጴዛውን ሞልተው ነበር፤ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ስትደረድራቸው እላይ በላይ ተነባብረው አንድ ሆኑ። እኔን ወር ሙሉ ያሰቃየኝ ነገር በመዳፏ ሥር ገባ። ሰው ሲምል፣ ሲያለቅስ፣ ሲለምን አይቻለሁ፤ እውነት በዝምታ እንዲህ ሲሰበሰብ ግን አላየሁም።

አጠገባችን ቆሞ ለሚያየው ለዚያ ባባ ላለኝ ሰውዬ ግን አልተዋጠለትም። «እንዲህ ከሆነማ በአንድ ወር ውስጥ የመጣውን ሁሉ አንድ እንበለውና እንገላገል» አላት።

«አይሆንም። በዚያው ወር በእውነት የተደገመበት ልጅ ካለ ትሰውረዋለህ። መጠየቅ አለብህ።» ሌላ ሁለት ካርድ አወጣች፤ ስሞቹን በእጇ ሸፍናለች። «እነዚህን የሁለት ልጆች ናቸው ብላችሁ ይዛችኋቸዋል። ቤተሰቡ ሰፈር ለውጦ ነው። አንድ ልጅ ነው። ሁለት ጊዜ ተመትቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ የመጀመሪያው ነው ብላችሁ መልሳችሁታል።»

ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እትዬ አማተቡ። የእኔ ልጅ አምስት ሰው ደጅ ስለጠናላት በዛች፤ ያ ልጅ የሚመላለስለት ሰው ስላልነበረው ከቁጥር ጠፋ። ይህች ሴት ፊቱን ሳታየው፣ ከሁለት ካርድ መሃል ጎትታ አወጣችው። በቁጥር ልጅ ማግኘት ይቻላል! እስከዚያ ቀን ድረስ ቁጥር ለእኔ የሽንኩርት ኪሎ ነበር። ፊደል ልቁጠር ያልኩት ያን ቀን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እያለ ሳላነበው ልሞት ነው ብዬ።

ልንወጣ ስንል፣ «ጥሩ አባት ነው ብለሽ ጻፊልኝ» አልኳት።

«አልችልም። ጥሩነትህ እነዚህ ካርዶች ውስጥ አይገኝም። አንድ ጊዜ ነው ብዬ እጽፋለሁ።»

«ይሄው ብቻ?»

«ይሄው ብቻ፣ ባባ።»

አናደደችኝ። ቅንጣት ሳትጨምር፣ ቅንጣት ሳትቀንስ ያየችውን ብቻ መጻፏ ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሊረዱኝ የተነሡት ጨመሩብኝ፣ ሊያጣሩ የተቀመጡት ጨመሩብኝ፤ ያለውን ያህል ብቻ ያለችው እሷ ናት።

ከቢሮው ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። የልጄ ጉዳይ እንደገና ታይቶ፣ ተደጋጋሚ የሚለው ተሰርዞ፣ ወደ አባቷ ትመለስ ተብሎ የተወሰነው ማክሰኞ፣ መጋቢት 5 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው።