የሐጃ ሲታና ቀዝቃዛ ገንቦ

ሐጃ ሲታና በሠፈራችን የሚፈሩ ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ምላሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። እኔን የሁለት ልጆች አባቱን ጫማህን በር ላይ አላወለቅህም ብለው ስንቴ አሸማቅቀውኛል።

ጦርነቱ መብራት ካሳጣን ወዲህ ግን እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ የስኳር በሽተኛ ያለበት የሠፈራችን ቤት ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። ኢንሱሊን የእኛን ሙቀት አይችልም። እሳቸው ትልቅ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ትንሽ ገንቦ ከተው መሃሉን በአሸዋ ሞሉት። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጡታል፤ ውስጡ እጅ ያቀዘቅዛል። የአሥራ አንድ ቤት ብልቃጥ፣ የእናቴም ጭምር፣ አንገቱ ላይ የየራሱ ቀለም ክር ታስሮበት እዚያ ተቀምጧል።

መድኃኒቱ የሚታደለው በጤና ጣቢያው መዝገብ ነው፤ በወር ለአንድ ሰው አንድ ብልቃጥ። ባለፈው ዓመት ኢድ እንዳለፈ ኢዕቲዳል የምትባል ተፈናቃይ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ተሳቢህን ይዛ ከሲንጃ መጣችና ሐጃ ግቢ ገባች። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ መርፌ አላገኘችም። መዝገቡ ላይ ስላልነበረች እስከሚቀጥለው ዕደላ ጠብቂ ተብላለች። የገበያው ዋጋ ደግሞ የሚቀመስ አልነበረም።

ልጅቷ ከንፈሯ ደርቆ ግድግዳውን ተደግፋ ውሃ በውሃ ላይ ትጠጣለች። እኛ ባለ ክሮቹ መሬት መሬቱን አየን። ያለን አንድ አንድ ነው። እኔም እናቴን አስቤ ወደ ገንቦው አልተጠጋሁም፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሁለት ያለው የሰሊጥ ነጋዴው ባቢክር ብቻ ነበር። እሱም ታማሚ ነው፤ ለክፉ ቀን ብሎ ከገበያ አንድ ጨምሮ እዚያው ገንቦ ውስጥ አስቀምጧል። ሐጃ ትርፉን ለልጅቷ እንዲሰጥ ጠየቁት።

«በገንዘቤ የገዛሁት ነው፤ ሰርቄ አላመጣሁትም» አለ።

«ማን ሰረቅህ አለህ? የምትወጋውን እጠብቅልሃለሁ፤ አንድ ቀን አይጎድልብህም። የተረፈህን ግን ውሰድና ፍሪጅህ ውስጥ አስቀምጠው።»

የባቢክር ፍሪጅ ቁም ሣጥን ያህላል፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ ሚስቱ ሽንኩርት ታስቀምጥበታለች። በመሃላችን ያሉት ሴቶች በተከናነቡት ቶብ ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ሰውዬው ደም ሥሩ ተገታትሮ ብልቃጡን አንስቶ ወጣ።

እውነቱን ለመናገር ሐጃም ደንግጠዋል። ልጅቷ ማስታወክ ጀምራለች፤ ሰውዬው ደግሞ እልኸኛ ነው። የጤና ጣቢያውን ነርስ አስጠሩና ጠዋት ያጠጡትን አሸዋ እንደገና ውሃ ማጠጣት ያዙ። እኔ ያን ጊዜ ነው እንደኛው ፍርሃት የሚይዛቸው ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት።

የቀትር ሶላት ሳይደርስ ባቢክር ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ተመለሰ። ማንንም ሳያይ ለኢዕቲዳል ሰጣትና ሐጃ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሐጃ፣ በሚቀጥለው ወር እኔ ባጣስ?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ያን ጊዜ ደግሞ እነዚህን ሁሉ ላንተ ብዬ እሰድባቸዋለሁ» አሉት።

ነርሷ ብልቃጡን አገላብጣ አየችና የልጅቷ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠች። ለክታ በመርፌ ቀዳች። የተሳቢህን ክንድ ስትይዝ ባቢክር፣ ራሱን በየቀኑ ሁለቴ የሚወጋው ሰውዬ፣ ማየት አልቻለም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።