መንታው መንገድ ላይ የጣልኩት ቅጠል

ይሄ የሆነው አምና መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። ሰው አጣሞ ከሚያወራብኝ ራሴ ልናገረው ብዬ ነው።

እኔ አራዳ ውስጥ ጎሚስታ ነኝ። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቀርም በወሬ ዲግሪ አለኝ። ከወለቃ ወዲያ፣ ከደኑ ማዶ ያለች ልጅ ወደድኩ። አባቷ «ሽማግሌ ጠዋት ይምጣ፤ ከሰዓት የሌላ ሰው ሽማግሌ ቀጥሬያለሁ» አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎቼ እዚያው አገር ናቸው። የሚጠበቁት ዋናው፣ የአባቴ ጓደኛ አያ ደሴ ናቸው። እኔ መንገድ ላሳያቸው ነው እንጂ ቤት አልገባም፤ ደንቡ አይደለም።

«ደኑን ታውቀዋለህ?»

«አያ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ!»

የሄድኩበት አንዴ ነው። ያኔም እሷን እያየሁ መንገዱን መች አየሁት!

አያ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። «አንተ ቅደም፤ መንገዱ መንታ ሲሆን ቅጠል ጣልልኝ» አሉኝ። መንታው ላይ ስደርስ ወይራ ዘነጠፍኩና በያዝኩት መንገድ ላይ ጥዬ፣ እንደ ንጉሥ ተራምጄው አለፍኩ።

ከዚያ ጉም ገባ። ጥዱም ኮሶውም ነጭ ጋቢ ለበሰ። የራሴ ኮቴ አይሰማኝም። ጉሬዛ ሲዘል ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፣ እሱ ግን አይታይም። መንገዱ ቀጠነ፣ ቀጠነና ሣር ሆኖ ቀረ።

«አያ!» አልኩ። ጉሙ ድምፄን ዋጠው።

እዚህ ላይ ቀልዴ ጠፋ። ቅጠሌን አምነው ሽማግሌዬም ጠፉ ማለት ነው። ልጅቷም ከሰዓት ለተቀጠረው ሄደች። ኮሶ ሥር ቁጭ አልኩ። ሕልም ይሁን እውን እንጃ፣ ልጅቷ ነጠላዋን ተከናንባ በዛፎቹ መሃል ስትሄድ አየኋት። ተነስቼ ልከተላት ስል እግሬ እንቢ አለኝ።

«ምነው አንተ! ሚስት እየተጠየቀልህ ታንኮራፋለህ?»

አያ ደሴ ናቸው። ጉሙ የለም፤ ፀሐይ በቅጠሉ መሃል ይንጠባጠባል። ጢማቸው ላይ ጠላ አለ።

«ደረሱ እንዴ?»

«ቅጠልህን አይቼ ነዋ! ቅጠል የሚጣለው በማይኬድበት መንገድ ላይ ነው። ሸጋ አድርገህ ዘጋህልኝ፣ በሌላው ሄድኩ። ወዲያ ስትቀር ጊዜ ደግሞ ቅጠሉን ተሻግሬ መጣሁ።»

«ልጅቷስ?»

«ሰጡን። ‹ልጁ ምን ዓይነት ነው?› ቢሉኝ ‹ዓይናፋር ነው፤ አሁንም ደን ውስጥ ተደብቋል› አልኳቸው።»

ጥር ላይ አገባሁ። አማቴ ፊት ይኸው ዓይናፋር ሆኜ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ስቃዩን እኔ ነኝ የማውቀው። ግን በዚያ ደን ከሚስቴ ጋር ባለፍን ቁጥር ልቤ ስፍስፍ ይላል። መንገድ አውቃለሁ ማለቴን አልተውኩም። ቅጠሉን ግን የምትጥለው እሷ ናት።