የልጣጭ ነው የተባለው ዱቄት

አባቴ ቄስ ናቸው። ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ቅዳሴ ቆመው መጨረስ ከቸገራቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ከጋሸና ሲመለሱ በጋቢያቸው ጫፍ ዱቄት ቋጥረው መጡ። ምግብ ቤት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ነው የሸጠላቸው። የብርቱካን ልጣጭ ደርቆ የተፈጨ እንደሆነ፣ እርጅናን እንደሚያዘገይ፣ በፆምም እንደሚወሰድ ነግሯቸዋል።

አሸተትኩት። ብርቱካን ብርቱካን አይልም።

ሰውየውን ያውቁት እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ "ከመብላቱ በፊት አማትቧል" አሉኝ።

ከቅዳሴ መልስ በሞቀ ውሃ በጥብጠው ይጠጡት ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ምርኩዛቸውን ትተው ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልመው መጡ። ጎረቤቱ ሲደሰት እኔን ፍርሃት ያዘኝ። ልጣጭ እንዲህ ይፈጥናል? ውሎ ሲያድር ፊታቸው አበጥ አለ፤ እንቅልፍም ራቃቸው።

ከዱቄቱ ቆንጥሬ ፋርማሲ ለምትሠራ አብሮ አደጌ አሳየኋት። ልጣጩ ውስጥ ለጤናማ እርጅና ይረዱ ይሆን ተብለው የሚጠኑ ነገሮች እንዳሉ አልካደችም። ግን አብዛኛው የታየው በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ ነው፤ ሰው ላይ ገና ብዙ ይቀራል አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እንዲህ ያለ ሕመም በአንዴ የሚያስረሳ ልጣጭ አላውቅም። መድኃኒት ተቀላቅሎበት እንዳይሆን። ሐኪም ይያቸው፤ ሳያያቸው ግን ዱቄቱን በድንገት እንዳታስቆሚያቸው፤ አንዳንዱ መድኃኒት በአንዴ ሲቋረጥ ይጎዳል።"

እያጉረመረሙም ቢሆን ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። የደም ግፊታቸው ጨምሮ ተገኘ። ሐኪሙ እየተከታተለ ቀስ በቀስ መውሰዱን አስተዋቸው፤ የቀረውንም ዱቄት እዚያው አስረከብኩ። ምን እንደነበረ እስካሁን የነገረን የለም። ጋሸና ሄጄ ምግብ ቤቱን ብጠይቅ ሰውየውን አስታውሳለሁ የሚል ጠፋ።

የአባቴ ፊት ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕመሙም ተመለሰ። ቢያጽናናቸው ብዬ ብርቱካን ገዝቼ ልጣጩን አጥቤ፣ ጥላ ላይ አድርቄ ሻይ ውስጥ እጨምርላቸው ጀመር። ሽታውን ወደዱት። ለጉልበታቸው ግን ያመጣላቸው ነገር የለም፤ እኔም ያመጣል አላልኳቸውም።

አንድ ማታ ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ፣ ብርጭቆውን አስቀምጠው አተኩረው አዩኝ።

"ያኛውን የት ነው የደበቅሽው?"

ጤና ጣቢያ እንደቀረ ደግሜ ነገርኳቸው። በማግስቱ ከገበያ ስመለስ የልብስ ሣጥኔ ተከፍቶ አገኘሁት።