ዓይኗን አስራ የተማረችው መንገድ

ጉም አስመራ ላይ በሚወርድባቸው ጠዋቶች እስከ ዛሬ ከክርኔ በላይ ክንዴን እዳስሳለሁ። የአንዲት ሴት ጣቶች እዚያ ያረፉ ይመስለኛል። ቀለል ያሉ ጣቶች ነበሩ፤ ይይዛሉ እንጂ አይጨብጡም።

ያኔ ጥራቮሎ በሚባለው የአስመራ ሰፈር በዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት አንሶላ አጥብ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ትንሽ ሻሂ ቤት ከፍቷል፤ ሥራውን ያገኘልኝም እሱ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ «ይበቃታል» ተባለ፤ ብዙም አልከፋኝ። ክፍል ውስጥ አስተማሪ ስሜን ሲጠራ ፊቴን በደብተር እጋርድ ነበር። ሰው ዓይኑን ከጣለብኝ ቃል አይወጣኝም። አንሶላ ግን አያይም።

በዚያ ዓመት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ መምህራን ለተጨማሪ ሥልጠና መጡ። ዲግሪ አላቸው፤ ዓይነ ስውር ልጆችን ለማስተማር ግን ሌላ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋቸዋል። በነጥብ የተጻፈውን ፊደል በጣታቸው ማንበብ፣ ልጆቹ ፊት ቆሞ ማስተማር፣ ከሁሉም በኋላ ደግሞ ዓይናቸውን በጥቁር ጨርቅ አስረው ነጭ በትር ብቻ ይዘው ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥተው በርሜል የሚቀጠቀጥበትና በርበሬ የሚፈጭበት ገበያ፣ መደበር፣ በር ድረስ መሄድ አለባቸው። ይህን የመጨረሻ ፈተና የሚፈትኑት ዋናው አሰልጣኝ ናቸው። ያገሩ ተወላጅ፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ሠልጣኞቹ ሲያጉረመርሙ «ልጁን መንገድ ልታስተምሩት አይደል የመጣችሁ? ታዲያ እናንተ ሳትሄዱት?» ይሏቸው ነበር።

ለልምምድ ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ አንዱ ዓይኑን ያስራል፣ ሌላው ይመራል። ቁጥራቸው ጎደሎ ሆነና አንዲት ከአዲስ አበባ የመጣች መምህርት ያለ ጓደኛ ቀረች። አንድ ቀን ሽማግሌው በልብስ ማጠቢያው በኩል ሲያልፉ ቆሙ።

«ጓለይ፣ አለሽ?» አሉ። በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ማለታቸው ነው።

አንሶላውን ማሸቴን ቀጠልኩ።

«አለች። ሳሙናው ይሸተኛል» ብለው ሳቁ። «ነገ ከአንዲት መምህርት ጋር ትወጫለሽ። መኪና እንዳይገጫት ብቻ ጠብቂ።»

በማግስቱ መምህርቷ በሩ ላይ ጨርቁን አሰረችና እጇን ዘረጋች። ክንዴን ሰጠኋት። ቀስ ብለን ሄድን። ጉሙ ገና ከመንገዱ አልተነሣም ነበርና፣ እኔም እንደሷ ከፊቴ ያለውን እምብዛም አላይም።

ደሴ ላይ ለዓይነ ስውራን ልጆች አንድ ክፍል ሊከፈት ነው፤ ወረቀቱን ካገኘች አስተማሪዋ እሷ ናት። ካላገኘች ክፍሉ አይከፈትም፤ እሷም ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። ይህን የነገረችኝ በዚያው ጠዋት፣ እየሄድን ነው። ከዚያ፣ «ወሎዬ ነሽ አሉኝ። ደሴ ምን ትመስላለች?» አለችኝ።

ደሴን የማውቃት ከእናቴ አፍ ነው፤ ታቅፌ ነው የወጣሁት። ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነበር፤ የሚያየኝ ዓይን የለም። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አፌ ተከፈተ። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ሳያንኳኳ ቤት እንደሚገባ፣ እናቴ እንደ ዶሮ በመጥረጊያ እንደምታስወጣው ነገርኳት። የእናቴ የት ጋ አልቆ የኔ ሕልም የት ጋ እንደጀመረ ራሴም አላውቀውም። የገዛ ድምፄን እንደ ሌላ ሰው ድምፅ አዳመጥኩት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ከጥራቮሎ እስከ መደበር ሳላወራ የሄድኩበት መንገድ የለም። ዓይኗ ሲታሰር «አንቺ» እላታለሁ። መደበር ደርሰን ጨርቁን ስትፈታ ግን «እርስዎ» እላለሁ፣ ወሬዬም እዚያው ላይ ያልቃል። «አሁን ደግሞ ወሬሽን ማን ነጠቀሽ?» እያለች ትስቃለች።

በመንገዱ ላይ ዝም የምልባቸው ሁለት ቦታዎች ነበሩ። አንዱ ወንዶች በሩ ላይ ፀሐይ የሚሞቁበት ባር ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሁልጊዜ ይጠራኛል።

«የሻሂ ቤቱ ልጅ! ዛሬም ድብብቆሽ ነው? ኧረ እኔንም ምሪኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ከተማው ይዞርብኛል!»

ሌሎቹ ይስቃሉ፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ። ሁለተኛው ቦታ የወታደሮች ኬላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ወታደር አስቆመን።

«ቁሚ! ሴትዮዋን ምን አድርገሻት ነው?»

 የመለሰችለት መምህርቷ ናት። «ወንድሜ፣ አስተማሪ ልሆን ነው።»

«ዓይን ታስሮ?»

«የኔው ትምህርት እንዲህ ነው።»

«እኔስ ዓይኔን ገልጬ ተምሬ ምን አየሁ? ሂዱ!» አለና ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

የፈተናው ቀን ደረሰ። መምህርቷ ብቻዋን ከፊት፣ ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ከኋላ ሆንን። አንዲት ቃል እንዳይወጣኝ ተነግሮኛል። ከበሩ ቀጥ ብላ ወጣች፤ በትሯ ድንጋዩን ኳ ኳ እያደረገ ጥቂት ከሄደች በኋላ ግን እርምጃዋ ላላ። ባሩ ጋ ስትደርስ ባሩ መሆኑን አላወቀችም። ወንበር መታች፤ ወንዶቹም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደማይታጠፍበት ታጠፈች። ከግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ቆመችና አንገቷን ወዲህና ወዲያ አዞረች። የምትፈልገው እኔን እንደሆነ ገባኝ።

«በቃ» አሉ ሽማግሌው። «ፍቺው። በልምምድ ጊዜ ባሩን በምን ታውቂው ነበር?»

«እሷ ዝም ስትል» አለች፣ ወደኔ እያመለከተች።

«ዳገቱንስ?»

«ወሬዋ ሲቆራረጥ። ትንፋሽ ሲያጥራት።»

«መደበርንስ?»

«ስትጮህ። መዶሻው ድምፅዋን ሲውጥባት።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። «ኣይፋል፣ አይሆንም፣ ጓለይ። መንገዱን አልተማርሽም። የተማርሽው ይህችን ልጅ ነው። ደሴ ይዘሻት ልትሄጂ ነው?»

መምህርቷ አለቀሰች። አንድ ዕድል ብቻ ቀርቷታል። እኔም መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ግን ከእፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ነበር፤ እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም። ዝምታዬን ሳይቀር ያዳመጠ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ከዚያ ወዲያ ሳናወራ እንድንሄድ ታዘዝን። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ብዬ ኖሬአለሁ፤ ይህ ዝምታ ግን ከበደኝ። ወሬው መጥቶ ከንፈሬ ላይ ተደርድሮ ይቆማል። እሷ ደግሞ በሌላ ነገር መሄድ ጀመረች። ዳቦ ቤቱ ጋ ሙቀት በግራ ጉንጯ ሲያልፍ ራሷን ትነቀንቃለች። ግድግዳ ሲያልቅ ነፋስ ይነግራታል። ዳገቱን ቁርጭምጭሚቷ፣ የካቴድራሉን ደወል ትከሻዋ ያውቀዋል። እኔም ስንት ጊዜ የሄድኩበትን ከተማ ያን ሰሞን ገና ሰማሁት፤ ከሩቅ የሚመጣው የመደበር መዶሻ ከውኃ ሥር የሚመታ ይመስል ነበር። አንዳንዴ እኔም ዓይኔን እጨፍናለሁ። ወዲያው ግን እገልጠዋለሁ፤ መኪና እንዳይገጫት ጠብቂ ተብያለሁ።

ሁለተኛው ፈተና በረፋዱ ተጀመረ። ባሩን አለፈች፤ ወንዶቹ ትንፋሻቸውን ውጠው አሳለፏት። ኬላውን አለፈች። ዳገቱን ወጥታ በበርሜል ቀጥቃጮቹ ድምፅ እየተሳበች ወረደች። መንገዱ ሦስት ቦታ የሚከፈልበት ጋ ስትደርስ ግን መዶሻዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። የምሳ ሰዓት ሆኗል። ያን ማናችንም አላሰብነውም ነበር።

መሐል መንገድ ላይ ቆመች። ከተማው ሁሉ የቆመ መሰለኝ። «ወደ ቀኝ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። የሽማግሌው እጅ ትከሻዬን ጫን አለ፤ የሻሼን ጫፍ ነከስኩ። የደሴ ልጆች፣ ፊታቸውን የማላውቃቸው ልጆች፣ ከጉም ውስጥ ሆነው የሚጠብቁ ታዩኝ።

ድንገት መምህርቷ አነጠሰች። ደግማ አነጠሰች። ከወፍጮዎቹ የተነሣ የበርበሬ ብናኝ በነፋስ መጥቶባት ነው። ጨርቁ ሥር ሆና ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አፍንጫዋን ወደ ቀኝ አዞረች፣ እየሳለችና እያነጠሰች ሄደች፣ በትሯም የመደበርን በር ብረት መታ።

ሽማግሌውም አነጠሱ። «እወ» አሉ፣ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «አለፍሽ። ምሳ የሚበላ ቀጥቃጭም አልጣለሽም።»

ልትሄድ ስትል ወደ ልብስ ማጠቢያው መጣች። ሻንጣዋን ይዛለች፤ ዓይኗ ተገልጧል። ትላልቅ ዓይኖች ነበሯት፤ ቀጥ ብላ አየችኝ።

«ሳታወሪኝ ልሂድ?» አለች።

ብዙ ነገር ነበረኝ። ደሴ ስትደርስ ጉሙ እውነት ቤት ይገባ እንደሆነ እንድታይልኝ፣ ከሷ በኋላ ማንን እንደማወራ እንደማላውቅ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ዓይኖቿ ግን እኔው ላይ ናቸው። አንሶላውን ባልዲው ውስጥ ለቀቅኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።

ሻንጣዋን ወደ ሌላው እጇ ስታዛውር ሰማሁ። ከዚያ እጄን ያዘችና ከክርኗ ከፍ አድርጋ ክንዷ ላይ አኖረችው። «ደረጃ አለ» አለች በቀስታ። ወጣን።

«አንቺ» አልኳትና ጀመርኩ። እስከ ፌርማታው አወራሁ። ጉሙ ፊቴን ሲያረጥበኝ፣ ዳቦ ቤቱ በግራ ጉንጬ ሲያልፍ አወራሁ። እሷ በመሐል «እሺ»፣ «ከዚያስ?» ትለኛለች። አንድ ቦታ ላይ ግን ዝም አለች፤ እንደኔ ዝም አለች። ባሩ ጋ እንደደረስን በዚያ አወቅኩ።

ፌርማታው ላይ ክንዷ ከጣቶቼ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። የአውቶቡሱ በር ተዘጋ፤ ድምፁ እየራቀ ሄዶ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ዓይኔን ስገልጥ ብቻዬን ነበርኩ፤ ወሬዬን ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።